ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በነርስ እጅ የሚሠራ አልትራሳውንድ፦ ለጎጃም ነርሶች ደረጃ በደረጃ

ጎጃም ውስጥ ልቡን ተቀዶ የመጣ ታካሚ ሲገጥማችሁ ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ፣ ሳይታከም ቀርቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩን አበላሽቶበታል። ወረፋ ጠብቆ፣ ምናልባት በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በተከፈተው የልብ ማዕከል፣ ምናልባትም ውጭ አገር ሄዶ ቫልቩ ተቀይሮለታል። ከዚያ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ዳንግላ ይመለሳል። ቀዶውን የሠራው ሐኪም ግን ከዓባይ በረሃ ማዶ ነው። ከደብረ ማርቆስ እንኳ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቅርቡ ያለው ነርስ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነርስ ነው። በኪስ የሚያዝ አልትራሳውንድ አሁን ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር ተያይዞ ይሠራል። ኖርዌይ ውስጥ በሌቫንገር ሆስፒታል የልብ ድካም ክትትል ክፍል ነርሶች ሠልጥነው በሳንባ ዙሪያ ያለ ውሃንና የታችኛውን ትልቅ ደም መልስ (ከታችኛው ሰውነት ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር) ሲለኩ፣ ውጤታቸው ከልብ ሐኪሞቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሥራው ከነርስ እጅ አያመልጥም። ግን ልኩ ይታወቅ። ነርሱ የሚመልሰው ሦስት ጥያቄ ነው። በሳንባ ዙሪያ ውሃ አለ ወይ? በልብ ዙሪያ አለ ወይ? ሰውነቱ ውሃ ተሸክሟል ወይ? ሦስቱንም ካለፈው ጊዜ ጋር ያነጻጽራል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ቫልቩ እንዴት ነው፣ ልቡ ስንት በመቶ ይረጫል የሚለው፣ የልብ ሐኪም ሥራ ነው።

ብቻችሁን ከመጀመራችሁ በፊት በሚያውቅ ሰው ፊት ተለማመዱ። ለአንድ ዓይነት ምርመራ ከ25 እስከ 50 ጊዜ ሠርቶ ማሳየት በብዙ ቦታ የተለመደ መለኪያ ነው። ሆስፒታላችሁም በጽሑፍ ይፍቀድላችሁ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ምርመራ ደግ ሐሳብ ቢኖረውም ነገ ጣጣ ያመጣል።

መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሰውየው

ማሽኑን ከማንሳታችሁ በፊት የመውጫ ወረቀቱን አንብቡ። ቀዶው መቼ ነው? የተቀየረው የትኛው ቫልቭ ነው? ብረት ነው ወይስ ከእንስሳ ሥጋ የተሠራ? ብረት ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ነው። የመጨረሻውን የአይ ኤን አር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ምርመራ) ውጤት ፈልጉ። በሚትራል ቦታ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል) የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ እጅግ የዘለለ ከሆነ በልብ ወይም በሳንባ ዙሪያ የምታዩት ነገር ውሃ ሳይሆን ደም ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ አስቡ።

ክብደቱን መዝኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ውሃ እየያዘ ነው። የደም ግፊት፣ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት ይለኩ። የኦክስጅን መለኪያው ላይ ግን ቁጥሩን ከአገሩ ጋር አስተያዩት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዝቅተኛ አገር 98 የሚያነብ ጤነኛ ሰው እዚህ 93 ወይም 94 ቢያነብ አትደንግጡ። ትናንት 94 የነበረ ዛሬ 88 ከሆነ ግን ደንግጡ።

ከዚያ ጠይቁት። ማታ ስንት ትራስ ይዞ ይተኛል? ዋርፋሪኑን ያቋረጠበት ቀን አለ? እዚህ ላይ ጠበል የሚለውን ሳትፈሩ አንሱት። ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቋርጡ ታካሚዎች አሉ፤ ከተቆጣችሁ ይደብቋችኋል። «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ክኒኑንም ዋጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ደረትህን ውሃ አታስነካ» ብትሉት ይሰማችኋል። አስታማሚዋ እናት ከሆነች ደግሞ ለእሷ ንገሯት፤ ጉዳዩ ያለቀ ያህል ነው። አረቄ፣ እንዲሁም ድንገት በብዛት የተጀመረ ወይም የቀረ ጎመን፣ አይ ኤን አሩን ያዛባሉ። ጾም ሲገባና ሲፈታ አመጋገቡ ስለሚለዋወጥ በዚያ ሰሞን ይበልጥ ጠይቁ።

አቀማመጥ

ታካሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ ይንጠልጠል፣ ትራስ አቅፎ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት ለመግጠም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በእጁ ስባችሁ አታስነሱት። በጎኑ ተገልብጦ፣ እግሩን አውርዶ፣ ራሱ ይነሳ። ሲያስለው ትራሱን ደረቱ ላይ ጫን ያድርገው። በነገራችን ላይ «ሥራ ጀምረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሞፈር የያዘ ወይም ጀሪካን የተሸከመ አይጠፋም።

ለሴት ታካሚ መጋረጃ ሳቡ፣ ጀርባዋን ብቻ ግለጡ፣ ከፊቷ ነጠላዋን ትያዝ። ጄሉን በእጃችሁ ውስጥ ትንሽ አሙቁት። ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመደርደሪያ የወረደ ጄል ጀርባ ላይ ሲፈስ ታካሚው ትንፋሹን ይይዛል፣ ምስሉም ይበላሻል። ቁስል ወይም ከቀዶው በኋላ ፈሳሽ የወጣበት የቱቦ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ጄል አታድርጉ። ፕሮቡን፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ፣ ከታካሚ ታካሚ በምትጠርጉበት ጊዜ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ፤ አልኮል የሚያበላሸው ፕሮብ አለ።

የሳንባ ዙሪያ ውሃ፦ ዋናው ሥራ

ከልብ ቀዶ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሳንባ ዙሪያ ትንሽ ውሃ መታየቱ የተለመደ ነው፤ በተለይ በግራ በኩል። አብዛኛው ራሱ ይጠፋል። ችግሩ የሚያድገው ነው። በማዳመጫ ትንሹን አትሰሙትም። ቆሞ የተነሳ ኤክስሬይም ውሃው 200 ሚሊ ሊትር ያህል እስኪደርስ ላያሳይ ይችላል። አልትራሳውንድ ከዚያ በጣም ያነሰውን ያሳያል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ለሆድ የሚያገለግለውን ጠማማ ፕሮብ ወይም የልቡን ያዙ። ሁለቱም ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ናቸው፣ ከ2 እስከ 5 ሜጋ ኸርዝ። ጥልቀቱን 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርጉ። የፕሮቡ ምልክት ወደ ራስ ይሁን። ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ቁልቁል የሚወርደውን መስመር በዓይናችሁ ሳሉ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ውሃውን ሳይሆን ድያፍራሙን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ነው። ይህን ደግሜ ብናገር አይበዛም። ድያፍራሙ ብሩህ ቀስት ሆኖ ይታያል፣ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በቀኝ ከሥሩ ጉበት፣ በግራ ጣፊያ አለ። ጥቁሩ ነገር ከድያፍራሙ በላይ ከሆነ የደረት ውሃ ነው። ከሥሩ ከሆነ የሆድ ውሃ ነው፣ ወይም በግራ በኩል ምግብና መጠጥ የሞላው ጨጓራ ነው። ቁርስ በልቶ፣ ጠላ ደርቦ የመጣ ሰው ጨጓራ ጀማሪን ያታልላል። ስለዚህ ድያፍራሙን ሳታገኙ ስለ ውሃ አትናገሩ።

ሳንባው ጤነኛ ከሆነ በየትንፋሹ አየር የሞላው ሳንባ ወርዶ ጉበቱን ወይም ጣፊያውን ይሸፍንባችኋል፤ የአከርካሪው መስመርም ድያፍራሙ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ውሃ ካለ ሁለቱም ይቀየራሉ። ሽፋኑ ይጠፋል፣ አከርካሪው ከድያፍራሙ በላይ መታየቱን ይቀጥላል፣ የሳንባው ጫፍ ውሃው ውስጥ ሲዋልል ታያላችሁ።

አሁን ለኩ። ታካሚው ትንፋሹን በደንብ ያስወጣ፣ መጨረሻ ላይ ምስሉን አቁሙት። ከድያፍራሙ ቁመት መካከል እስከ ሳንባው ታች ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ውሰዱ። ለተቀመጠ የልብ ቀዶ ታካሚ የተፈተነ ቀላል ስሌት አለ፦ ርቀቱን በ16 ማባዛት። 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 190 ሚሊ ሊትር ነው። 30 ከሆነ ወደ 480፣ 45 ከሆነ ወደ 720። ግምት ነው፤ ግን ለውሳኔ ይበቃል። ለሕፃናት አይሠራም። ውስጡ ክር ክር ያለበት ወይም የተከፋፈለ ውሃ ላይም አይሠራም። የተኛ ታካሚ ላይ የሚሠራበት ሌላ ስሌት አለ፣ በ20 የሚያባዛው፤ እሱ ግን አልጋው 15 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ በተኙና በማሽን በሚተነፍሱ ሰዎች ላይ የወጣ ነው፣ የሚለካበትም መስመር ሌላ ነው። ዛሬ ተቀምጦ፣ ነገ ተኝቶ ከለካችሁ ሁለቱ ቁጥሮች ለምንም አይሆኑም። ከቁጥሩ ትክክለኛነት ይልቅ አለካኩ አንድ ዓይነት መሆኑ ይበልጣል።

ምን ያህል ሲሆን ለሐኪም ይነገር? ይህን ከሐኪሞቻችሁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኔ ምክር 30 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም ካለፈው ቀጠሮ በግልጽ ከጨመረ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ታካሚው ካቃተተ የሚል ነው። ውሃው ጥርት ያለ ጥቁር ካልሆነና ብናኝ የሚንሳፈፍበት ከሆነ ያንንም ጻፉ። ትኩሳትና ሲተነፍስ የሚወጋ ሕመም ከቀዶው ሳምንት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ከመጣ፣ የልብና የሳንባ ሽፋን ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ውሃውን ለመቅዳት መርፌ መውጋት የእኛ ሥራ አይደለም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አይ ኤን አር ሳይታወቅ ሐኪሙም አይወጋም።

ሳንባው ራሱ ረጥቦ እንደሆነ ለማየት ፕሮቡን ከፊትና ከጎን ጎድኖቹ መሃል አሳርፉ። ከሳንባው ሽፋን ተነስቶ እስከ ምስሉ ታች የሚዘልቅ፣ በጨለማ እንደተበራ የእጅ ባትሪ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጨረር ቢ ላይን ይባላል። በአንድ የጎድን መሃል ሦስትና ከዚያ በላይ፣ በሁለቱም ጎን በብዙ ቦታ ከሆነ ሳንባው ውሃ ይዟል ማለት ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የሳንባ ምችን አስቡ።

በልብ ዙሪያ

ታካሚው በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ጉልበቱን ይጠፍ። ፕሮቡን ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር አድርጋችሁ ወደ ግራ ትከሻ አነጣጥሩ። ችግሩ የቱቦዎቹ ቀዳዳ እዚያው አካባቢ ነው። ካልደረቀ ከግራ ደረት ጎን እዩ። ከጎን ስታዩ አንድ ጠቃሚ መለያ አለ። ከልቡ ጀርባ ክብ ሆኖ የሚታየውን ወራጁን ትልቅ ደም ቅዳ ፈልጉ። ጥቁሩ ከእሱ ፊት ከገባ በልብ ሽፋን ውስጥ ነው። ከኋላው ከሆነ የግራ ሳንባ ውሃ ነው።

ስፋቱን ልቡ ሲዘረጋ ለኩ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ትንሽ፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ብዙ ይባላል። ቁጥሩ ግን እዚህ ላይ ያታልላል። ከቀዶ በኋላ ያለ ፈሳሽ ልቡን በሙሉ ላይከብ ይችላል። ከኋላ በኩል፣ አንዱ የላይኛው ክፍል ጎን፣ ትንሽ ቦታ ላይ ተቋጥሮ ልቡን ያፍናል። የረጋ ደም ከሆነ ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ከሥጋው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ «አየሁ» ማለት ትችላላችሁ። «የለም» ማለት ግን አትችሉም። ጽሑፋችሁም «በዚህ በኩል አልታየም» ይበል።

ደም መልሱና የላሲክስ ፈተና

ፕሮቡን ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር እንዳለ ምልክቱን ወደ ራስ አዙሩ። በጉበቱ ውስጥ አልፎ ልቡ ውስጥ የሚገባውን የታችኛውን ትልቅ ደም መልስ ታገኛላችሁ። ወደ ልቡ ሲገባ ካላያችሁት ደም ቅዳውን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በግራ በኩል ነው፣ ይመታል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ልቡ ጋ ከሚገባበት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ለኩ። ከዚያ «በአፍንጫህ ሳብ አድርግ» በሉት። 2.1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ከግማሽ በላይ ከጠበበ የቀኝ ልብ ግፊት ደህና ነው። ከ2.1 በላይ ሆኖ ከግማሽ በታች ከጠበበ ግፊቱ ከፍ ብሏል። ለዓመታት በሩማቲክ የተጎዳ፣ የቀኙ ቫልቭ የሚያፈስ ሰው ግን ደህና ቀኑም ላይ ሰፊ ደም መልስ ይኖረዋል። ለእሱ መለኪያው የራሱ ያለፈ ቁጥር ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚሻው ቦታ። ታካሚው ያቃስታል፣ የአንገቱ ደም መልስ ተወጥሯል፣ የታችኛውም ሰፍቶ አይጠብም። እጅ ውሃን በሽንት ወደሚያስወጣው መድኃኒት፣ ወደ ላሲክስ፣ ይሮጣል። ቆዩ። ግፊቱን እዩ። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ ምቱ ከፈጠነ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ይህ ሰው ውሃ የበዛበት ላይሆን ይችላል፤ ልቡ ታፍኖ ይሆናል። የታፈነ ልብ የሚሞላው በዚያው ግፊት ነው። ላሲክስ ስትሰጡት የሚሞላበትን ትቀንሱበታላችሁ፣ ግፊቱም ይወድቃል። ስለዚህ ላሲክሱን ትታችሁ ወዲያው ለሐኪም ደውሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ይህ ከቀዶው ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ፣ ቤቱ ከገባ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ግፊቱ ደህና ሆኖ፣ ቢ ላይኑ በሁለቱም ጎን ሞልቶ፣ ክብደቱ ጨምሮ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪሙ ላሲክስ ሊያዝ ይችላል።

የቫልቭ ነገርም አለ። የብረት ቫልቭ ድምፅ አለው። ባለቤቱ ማታ ጸጥ ሲል ይሰማዋል፤ የሚስቅበትም አለ። «ድምፁ ጠፋ» ወይም «ታፈነ» ብሎ የሚያቃስት ሰው ከመጣ አልትራሳውንዱን አስቀምጡት። ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ጥላ ስለሚጥል እናንተ ምንም አታዩም፤ ማየታችሁም ጊዜ ያባክናል። ወዲያው ለሐኪም ደውሉ።

አመዘጋገብ

አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ክብደት፣ ግፊት፣ አቀማመጥ፣ በቀኝ ስንት ሚሊ ሜትር፣ በግራ ስንት፣ ልብ ዙሪያ፣ ደም መልስ፣ ቢ ላይን፣ ለማን ተነገረ። ከጎኑ ያለፈው ቀጠሮ ቁጥር ይታይ። ካልታየ ማንም ወደ ኋላ ገልጦ አያይም። አጭር ቪዲዮ ቅዱ። በቴሌግራም ለሐኪም ስትልኩ ስምና የካርድ ቁጥር ምስሉ ላይ አይኑር። መብራት ስለሚጠፋ ታብሌቱ ማታ ሞልቶ ይደር።

ሲላክ

ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ካስፈለገ ቀድማችሁ ደውሉ። ስልኩ ላይ ከአልትራሳውንዱ አትጀምሩ። «የሚትራል ቫልቭ የተቀየረለት፣ አምስተኛ ሳምንቱ፣ ዋርፋሪን ላይ፣ ግፊቱ 85፣ ምቱ 125» በሉ። ከዚያ ያያችሁትን። ተቀባዩ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነቃል። አምቡላንስ ውስጥ በጀርባው አታስተኙት፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ኦክስጅኑ ለመንገዱ የሚበቃ መሆኑ ይታይ፣ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ የደጀን ቁልቁለትና የጎሐ ጽዮን ዳገት ጊዜ እንደሚወስዱ ይታሰብ። የቅጹ ቅጂ፣ የመውጫ ወረቀቱና የአይ ኤን አር ደብተሩ ከአስታማሚው ጋር አብረው ይሂዱ። የመጨረሻው የዋርፋሪን ክኒን መቼ እንደተዋጠና ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም መርፌ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነው።